በብልጫ የተገኘ ዕድል፤ የፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የሕይወት ታሪክ



የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በቀረበ ቍጥር በየቤቱና በየመንገዱ የሚነሣ አንድ ወሬ አለ። ይኸውም እገሌ የነጻ ትምህርት ዕድል አገኘ፤ እገሊትም ወደ ውጭ አገር ልትሄድ ነው የሚል ነው። ወሬውን የሰማ ሁሉ ምክንያቱን እንደየስሜቱ ይተረጕማል። አንዱ ዕድሉ ነው ይላል፤ ሌላው ዘመድ ቢኖረው ነው ይላል። ሌሊቱን በኵራዝ ብርሃን ያነጋውን ልጅ ድካም የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ዕድሉን ያገኘው ሰው ተምሮ ከተመለሰ በኋላ ምን ሠራበት ብሎ የሚጠይቅማ ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ በትምህርቱ ብልጫ ተመርጦ ባሕር የተሻገረ፣ ተመልሶም ሌሎች ወጣቶች ባሕር ሳይሻገሩ የሚማሩበትን በር ከከፈቱት ሰዎች አንዱ የሆነውን የአንድ ታላቅ ሐኪም ታሪክ ማቅረብ የተገባ ሆኖ አግኝተነዋል። እኒህም ሰው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ናቸው።

ፕሮፌሰር አሥራት በሰኔ ወር 1920 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አቶ ወልደየስ አልታዬ፣ እናታቸው ወይዘሮ በሰልፍ ይዋሉ ይባላሉ። ገና ሕፃን ሳሉ ቤተ ሰቡ ወደ ድሬዳዋ ስለሄደ ያደጉት በዚያች የባቡር ከተማ ነው። የልጅነት ዘመናቸው ግን የሰላም ዘመን አልነበረም። ሰባት ዓመት እንደ ሞላቸው ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ወረረ። በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጠላት በአዲስ አበባና በሌሎች ስፍራዎች ሕዝቡን ያለ ርኅራኄ ሲጨፈጭፍ፣ የአሥራት አባትም ከተገደሉት መካከል ሆኑ። አያታቸው ደግሞ ከብዙ ኢትዮጵያውያን ጋር ተግዘው ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ። እንግዲህ ልጁ አሥራት ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው የአባትን ጥላ አጣ።

በዚያ ወረራ ጊዜ የተጎዳው የሰው ሕይወት ብቻ አልነበረም። ከጦርነቱ በፊት በውጭ አገር ተምረው ከተመለሱት ጥቂት ወጣቶች ብዙዎቹ እየተለቀሙ ተገደሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሕንፃዎቻቸውም ለጠላት ሥራ ዋሉ። ኢትዮጵያዊው ልጅ ከፍ ያለ ትምህርት እንዲማር አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ በ1920ዎቹ የተወለደ ልጅ ለትምህርት የሚሆነውን ምርጥ ዕድሜውን አምስት ዓመት ሙሉ በከንቱ እንዲያሳልፍ ተገደደ። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነጻ ከወጣች በኋላ ወጣቱ አሥራት ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገባ። ይህ ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፣ በመጀመሪያ በበላይነት የመሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። ሐኪም ወርቅነህ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው ወደ ህንድ የተወሰዱ፣ በዚያም ሕክምና ተምረው በእስኮትላንድ በምትገኘው በኤዲንብራ ከተማ ዕውቀታቸውን ያዳበሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሐኪም ናቸው። እርሳቸው የመሩት ትምህርት ቤት ካፈራቸው ልጆች አንዱ በዚያችው በኤዲንብራ ተምሮ የሐኪም ወርቅነህን ፈለግ መከተሉ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

የዚያን ጊዜውን ውድድር ለመረዳት በአገራችን የነበረውን የትምህርት ደረጃ ማወቅ ያስፈልጋል። ነጻነት በተመለሰ ጊዜ በኢትዮጵያ አንድም ኮሌጅ አልነበረም። በኮተቤ የተሠራው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1935 ዓ.ም. ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደግሞ ትምህርት የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የሕግ ሊቅ ለመሆን የፈለገ ወጣት የግድ ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። የመንግሥቱ ገንዘብ ጥቂት ስለ ነበረ የሚላኩት ልጆች ቍጥራቸው አነስተኛ ነበር። ከታላላቅ ሰዎች ቤት የተወለዱ ልጆች ወደ ውጭ የሚሄዱበት መንገድ የሰፋ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱ የተማረ ሰው እጅግ ስላስፈለጋት፣ በክፍሉ ብልጫ ያለው ተማሪ የማንም ልጅ ቢሆን የሚመረጥበት በር እየተከፈተ ሄደ። አባቱን በጠላት ያጣው አሥራትም በትምህርቱ ብልጫ በማሳየቱ ተመርጦ በግብፅ አገር በእስክንድርያ ወደሚገኘው ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተላከ።

ቪክቶሪያ ኮሌጅ እንግሊዞች በ1902 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት በመካከለኛው ምሥራቅ ስሙ የታወቀ ትምህርት ቤት ነበር። የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴንና የግብፁ የፊልም ሠሪ ዩሱፍ ሻሂን ከተማሩበት ቦታ አንዱ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ግብፃዊው፣ ግሪኩ፣ ሶርያዊው፣ አይሁዳዊውና ኢጣሊያዊው አብረው ይቀመጡ ነበር። ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ የሚዘጋጁበትም ፈተና በእንግሊዝ አገር ለሚገኙ ተማሪዎች የሚሰጠው ዐይነት ነበር። ብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቻቸው እንግሊዝኛን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት ያደጉ የሀብታም ልጆች ነበሩ። ከአዲስ አበባ የሄደው ልጅ ግን ቋንቋውንም ትምህርቱንም በአንድ ላይ መማር ነበረበት። በዚህ ዐይነት ውድድር ሁሉም ከአንድ መስመር አይነሡም፤ ፈታኙ ግን የሁሉንም ወረቀት በአንድ ሚዛን ያርማል። ይህን ልዩነት የሚሞላው ነገር በየቀኑ የሚጨመር ትጋት ብቻ ነው።

አሥራት ከቪክቶሪያ ኮሌጅ ቀጥሎ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ለማጥናት ቻሉ። የኤዲንብራ የሕክምና ትምህርት ክፍል በ1726 እ.ኤ.አ. የተቋቋመና ከዓለም ስመ ጥር ከሆኑት የሕክምና ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። በኋላ የታንዛንያ መሪ የሆኑት ጁሊየስ ኔሬሬም በ1952 እ.ኤ.አ. የተመረቁት ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሕክምና ትምህርት ከሌላው ሁሉ የረዘመና የከበደ መሆኑን ሁላችንም እንሰማለን። ተማሪው መጀመሪያ የሰውን አካል እያንዳንዱን አጥንት፣ ጅማትና የደም ሥር በየስሙ ያጠናል፤ ቀጥሎ የአካል ክፍሎች እንዴት እንደሚሠሩ፣ ከዚያም እንዴት እንደሚታመሙ ይማራል፤ በመጨረሻው ላይ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ቆሞ በመምህራኑ ፊት ይጠየቃል። በማንኛቸውም ደረጃ የወደቀ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። አሥራት ይህን ሁሉ አልፈው በ1948 ዓ.ም. በሕክምና ተመረቁ።

በዚያን ጊዜ በብሪታንያ የሐኪም ሥራ የተከበረና ደመወዙም የተሻለ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከውጭ የተመለሱበት አገር በሚሊዮን ለሚቈጠር ሕዝብ ጥቂት ሐኪሞች ብቻ የነበሩት፣ እነርሱም አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች የሆኑበት ነበር። የተመደቡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። ይህ ሆስፒታል በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ላረፉት ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ የተሠራ ነው። ዶክተር አሥራት በዚያ አምስት ዓመት ያህል ካገለገሉ በኋላ አንድ ነገር ተገነዘቡ። ከአውራ ጎዳና ርቆ ከሚኖረው ሕዝብ መካከል በቃሬዛ የሚመጣው በሽተኛ ብዙ ጊዜ ክኒን የሚያድነው አልነበረም። አንጀቱ የተጠማዘዘበት ገበሬ፣ ምጥ የጸናባት እናት፣ ከገደል የወደቀ እረኛ፣ እነዚህ ሁሉ የሚድኑት በቀዶ ሕክምና ነው። በቀዶ ሕክምና የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ግን አልነበረም።

ስለዚህ ዶክተር አሥራት ዳግመኛ ወደ ብሪታንያ ሄደው ለሁለተኛው ውድድር ተሰለፉ። የቀዶ ሕክምና ሊቃውንት ማኅበር አባል ለመሆን የሚሰጠው ፈተና ሐኪም የሆኑትን ሁሉ የሚያንገዋልል ነው። መጀመሪያ ስለ ሰው አካል ጥልቅ የሆነ ፈተና አለ፤ ቀጥሎ ለዓመታት ከታወቁ ቀዳጆች ጋር በሥራ መሠልጠን ያስፈልጋል፤ በመጨረሻም በጽሑፍ፣ በቃልና በሕመምተኛ ፊት የሚደረግ ፈተና ይከተላል። ብዙ ሐኪሞች ሁለትና ሦስት ጊዜ እየተፈተኑ የሚወድቁበት ነው። ዶክተር አሥራት የኤዲንብራና የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጆች አባል ለመሆን በቁ። በዚህም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ተብለው ይታወቃሉ።

አሁን የዚህ ታሪክ ዋና ፍሬ ወደሆነው ነገር ደርሰናል። አንድ ቀዶ ሐኪም ዕድሜ ልኩን ሌትና ቀን ቢሠራ የሚያድነው ሰው ቍጥሩ የተወሰነ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንዲሉ፣ የአገር ሕመም በአንድ ሰው ትከሻ የሚቻል አይደለም። ደግሞም ወጣቶችን አንድ ባንድ እየመረጡ ወደ ውጭ መላክ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ከተላኩትም አንዳንዱ ይቀራል። የሄደውም ቢሆን የሚማረው በባዕድ አገር የሚታየውን በሽታ ነው፤ በደጋ የሚበዛውን የአንጀት መጠምዘዝ፣ በቆላ የሚያሠቃየውን ወባ በኤዲንብራ ሆስፒታል አልጋ ላይ ብዙ አያየውም። መፍትሔው እዚሁ የሕክምና ትምህርት ቤት መክፈት ነበር። በጎንደር በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኰንኖችንና ነርሶችን ማሠልጠን ጀምሮ ነበር፤ ሐኪም የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት ግን ገና አልነበረም።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የአገራችን የመጀመሪያው የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። ዶክተር አሥራት ለዚህ ፋኩልቲ መመሥረትና መጠንከር ከደከሙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ናቸው፤ በዲንነትም መርተውታል። ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው ጠዋት በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ በመማሪያ ክፍል፣ ማታ በበሽተኞች አልጋ አጠገብ የሚያልፍ ሆነ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፋኩልቲው ሐኪሞችን በልዩ ሙያ እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር፣ ቀዳጅ ለመሆን ወደ ብሪታንያ መሄድ የግድ መሆኑ ቀረ። እርሳቸው በሁለት ጊዜ ጉዞ ያገኙትን ዕውቀት የጥቁር አንበሳ ተማሪ በአገሩ እንዲያገኘው ሆነ። በአገራችን የሚሠሩ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ወይ የእርሳቸው ተማሪዎች ናቸው፤ ወይም የተማሪዎቻቸው ተማሪዎች ናቸው።

የእውነተኛ ምሁር ጠባይ የሚታየው ደግሞ በፈተና ጊዜ ነው። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈንድቶ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ከወረዱ በኋላ በነሐሴ ወር 1967 ዓ.ም. ማረፋቸው ተነገረ። ፕሮፌሰር አሥራት ንጉሠ ነገሥቱን ከሚያክሙት ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። የደርግ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም እንደ ሞቱና ሐኪማቸውም ተፈልገው እንዳልተገኙ ሲያስታውቅ፣ ፕሮፌሰር አሥራት ይህን አስተባበሉ። ያን ጊዜ በአንዲት ቃል ምክንያት ሰው የሚገደልበት ዘመን እንደ ነበረ ወላጆቻችን ያስታውሳሉ። እርሳቸው ግን ሐኪም ስለ ሕመምተኛው የማያውቀውን ነገር መመስከር አይገባውም በሚለው ሥርዓት ጸኑ። በዚያው ዘመን ብዙ ምሁራን ወደ ውጭ ሲሰደዱ፣ በሁለት ታላላቅ የሙያ ማኅበሮች አባልነት በየትኛውም አገር ሥራ ሊያገኙ የሚችሉት ፕሮፌሰር አሥራት በጥቁር አንበሳ ቀርተው ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

የመጨረሻው የሕይወታቸው ክፍል የፖለቲካ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በአዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ ዩኒቨርሲቲውን ወክለው ተገኙ፤ በኤርትራ መገንጠል ጉዳይም የተቃውሞ ሐሳባቸውን በግልጽ አሰሙ። በ1984 ዓ.ም. የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን መሥርተው መሪው ሆኑ። በ1985 ዓ.ም. ከሌሎች ብዙ መምህራን ጋር ከዩኒቨርሲቲ ሥራቸው ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በጎረቤታችን በደብረ ብርሃን ከተማ ለሕዝብ ባደረጉት ንግግርና በሌሎችም ክሶች ምክንያት ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ታሰሩ። አምኔስቲ ኢንተርናሽናል የኅሊና እስረኛ ሲል ጠርቷቸዋል። በእስር ቤት ጤናቸው እጅግ ተጎዳ፤ በታኅሣሥ ወር 1991 ዓ.ም. ተፈትተው ለሕክምና ወደ አሜሪካ ቢወሰዱም፣ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ ዐረፉ። በፖለቲካ አቋማቸው ሰዎች የተለያየ አስተያየት ሊኖራቸው ይችላል። የብዙዎችን ሕይወት ያተረፉ ሐኪም ለራሳቸው ሕክምና በጊዜው አለማግኘታቸው ግን ሁሉንም የሚያሳዝን ነው።

ከሞታቸው በኋላ ስማቸው ወደ እኛው አካባቢ መጥቷል። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ግቢውን አሥራት ወልደየስ ብሎ ሰይሞታል። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በአርማንያና በደብረ ሲና አድርጎ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደጋው የሚወጣ የይፋት ልጅ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ ከዚህ ግቢ ይደርሳል። ዋሻውን የቆፈሩት የአሥራትን አባት የገደሉት ፋሺስቶች ናቸው፤ ዛሬ ግን የእኛ ልጆች በዚያው ዋሻ አልፈው በአሥራት ስም በተጠራ ግቢ ሊማሩ ይሄዳሉ። ያ ልጅ እስክንድርያን ማየት፣ የኤዲንብራንም ብርድ መቻል አያስፈልገውም። በ1930ዎቹ ለመላው ኢትዮጵያ ጥቂት ብቻ የነበረው የመማሪያ ወንበር አሁን ከቤታችን ያን ያህል ቀርቧል።

ቀርቧል ማለት ግን ቀሏል ማለት አይደለም። ውድድሩ እንዲያውም በርትቷል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ። የእኛ አካባቢ ልጆች ደግሞ ሌላም ሸክም አለባቸው። በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ ዘልቆ ሕዝቡ ተፈናቅሏል፤ ትምህርትም ተቋርጧል። ከዚያ ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የከረሙበት ጊዜ አለ። ስለዚህ አንዳንዱ ተማሪ ዕድሜዬ አልፏል፣ ከእንግዲህ ከከተማ ልጆች ጋር እንዴት እወዳደራለሁ እያለ ደብተሩን ሲዘጋ ይታያል።

ቀደም ሲል ልብ በሉልኝ ያልነው ነገር ለዚህ ነው። ፕሮፌሰር አሥራት በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደጅ የደረሱት ጦርነት አምስት የትምህርት ዓመት ከወሰደባቸው በኋላ፣ አባታቸውንም ካጡ በኋላ ነው። ከዕድሜ እኩዮቻቸው ጋር በብሪታንያ ቢነጻጸሩ ወደ ኋላ የቀሩ ነበሩ። የጎደለውን ዘመን ማንም አልመለሰላቸውም፤ የቀረውን ዘመን ግን አላባከኑትም። ጦርነት የወሰደው ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ከመሆን አላገዳቸውም።

ወላጆቻችንም ከዚህ ታሪክ የሚያገኙት ነገር አለ። አባት የሌለው ልጅ የተማረው በቤተ ሰብ ትዕግሥት ነው። በመኸር ጊዜ ልጅን ከትምህርት ቤት አለማስቀረት፣ ሴት ልጅን ስምንተኛ ክፍል ሳትጨርስ ለባል አለመስጠት፣ ማታ ለጥናት የሚሆን ብርሃንና ጸጥታ መስጠት፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ከሚጠይቁት ነገሮች ይበልጣሉ። መምህራኖቻችንም ሐኪም ወርቅነህ የመሩት ትምህርት ቤት አሥራትን እንዳፈራ አስበው፣ ዛሬ ከፊታቸው ከተቀመጡት ልጆች መካከል ነገ የሸዋ ሮቢትን ሆስፒታል የሚመራ ሊኖር እንደሚችል እንዳይረሱ እንለምናቸዋለን።

እናንተም ጓደኞቼ፣ የነጻ ትምህርት ዕድል በውድድር ብታገኙ ሽልማት ብቻ አድርጋችሁ አትቍጠሩት። ያ ወንበር ሌላ ልጅ ሊቀመጥበት ይችል የነበረ ነው፤ ወጪውም የሚከፈለው ወባ እያንቀጠቀጠው ማሽላና ጤፍ በሚያመርተው ገበሬ ግብር ነው። ስለዚህ ዕዳ አለበት። ፕሮፌሰር አሥራት ዕዳቸውን የከፈሉት ወንበራቸውን ለብዙ ሰዎች በማብዛት ነው። ከመካከላችን ዕድሉን የሚያገኝ ሁሉ ለተከታዩ አንድ ወንበር እንኳ ቢጨምር፣ ከይፋት ቆላ በቃሬዛ ተጭና ወደ ደጋው የምትወጣ እናት በመንገድ የምትቀርበት ዘመን ያበቃል።